ማታ ሙሉ፣ ጠዋት ባዶ

ዙኒልዳ ፖርቶ ሞንት ልትታከም ሄዳ፣
ቺሎዬ ዝናብ ነው፣ ቤቱም ሆኗል ባዳ።
ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፈችው ወረቀት
እንዲህ ይላል በእርሳስ፣ በተጣደፈ ጽሕፈት፦
«ማታ ማታ ዳስስ የአንገታቸውን ሥር፤
በቀኝ በኩል አለች የእህል ከረጢት፣ እንደ አተር።
ማታ ሙሉ ትሁን፣ ጠዋት ደግሞ ባዶ፣
የበሉት በሌሊት ወደ ሆድ ወርዶ።
ጠዋት ከደደረ እህል እንዳትሰጠው፤
ዘይት ጠብ አድርግና ቀስ ብለህ እሸው።
እንዳትዘቀዝቀው!» ከሥሩ ሁለት መስመር።
ስለ እኔ እራት ግን አንድም ቃል አልነበር።

እኔ ባልዶሜሮ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ፣
አርባ ዓመት ናፍጣ ናፍጣ የምሸት ነኝ፤
አውራ ጣቴ ወፍራም፣ ጥፍሬ ጥቁር ዘይት፣
ብሎን እንጂ መቼ ዳስሼ አውቃለሁ ሕይወት?

በድንች ሣጥን ውስጥ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ፣
ሃያ ስድስት ጫጩት፣ አንድ ቀይ አምፖል ከላይ።
ቴርሞሜትሩን ተውኩት፤ እነሱን ማየት ተማርኩ።
ተደራርበው ሲንጫጩ በርዷቸዋል፣ አምፖሉን ዝቅ።
አፋቸውን ከፍተው ግድግዳ ሲለጠፉ ሞቋቸዋል፣ ከፍ።
እንደ ተበተነ ጥሬ ሲዘረጉ
ተወው፣ አትንካ።
ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ድምፁን የሰማ ሰው
መለኪያ አያሻውም፣ ምን እንደጎደለው።

በአራተኛው ሌሊት፣ ከባሕሩ ወገን
ያ ነፋስ መጣና መብራት ወሰደብን።
(«ብን» አልኩ? እኔና ጫጩቶቹን
«እኛ» ማለት ጀምሬ ነበር መሰለኝ።)
የወይን፣ የኮምጣጤ ጠርሙስ ሰብስቤ፣
ሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ ጠቀለልኩ በሹራቤ፣
በየሰዓቱ ቀየርኩ፣ ምድጃው ሥር ሣጥኑን ስቤ።

ሊነጋ ሲል አንዷ ሞተች።
ትንሿ፤ ከሥር ሆና የተረገጠችው።
ከድንቹ ማሳ ጥግ ቀበርኳት።
ጸሎት ልል አፌን ከፍቼ ሳል ወጣ።

ከዚያ መዳሰስ ነው፣ አንድ ሁለት እያልኩኝ፣
ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ እየለቀቅኩኝ፤
አሥራ ዘጠነኛዋ፣ ጀርባዋ ላይ ነቁጥ ያላት፣
ከረጢቷ ድድር፣ እንደ ደረቀ ባቄላ።
ከምንቃሯ ጥግ ቀይ ክር ብቅ ብሏል።
የሹራቤ ክር። ዙኒልዳ የሠራችልኝ።
ከብርድ ላድናት ብዬ ማነቂያዋን አጎረስኳት።

ልጎትተው አልኩና እጄን ያዝኩት፤
ስንቱን ገመድ በጉልበት ስቤ በጠስኩት።
የወጣውን በመቀስ። ከዚያ አንድ ጠብታ ዘይት፣
ለብ ያለ ውሃ፣ ያ ወፍራም አውራ ጣት፣
ክብ፣ ክብ፣ ቀስ፣
ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ እስኪመሽ ድረስ።

ማታ ስልኩ ነቃ።
ከጉሮሮዋ ቀዶ ወዲህ ድምፅ የላትም፤
እሷ ትጽፋለች፣ ነርሷ ታነብልኛለች፦
«ጫጩቶቹስ?»
አንዷን ቀበርኩ አልኩ። የክሩን ነገር ዋጥኩት።
ነርሷ ከራሷ ጨመረች፦
«ዛሬ አንድ ማንኪያ ውሃ ወረደላት።»

ጎህ ሳይቀድ፣ ጫማ ሳላጠልቅ ሄድኩ።
ነቁጧን በጨለማ ለየኋት፣ ጣቴን ላኩ።
ለስላሳ። ላላ ያለች። እንደ ጓንት ጣት።
ሳምንቱን ሙሉ ከዚያች ቃል ስሸሽ ነበር፦
ባዶ አልጋ፣ ባዶ ኩባያ፣ ባዶ ወንበር።
ጮክ ብዬ አልኳት፦ «ባዶ!»
ሃያ አምስት አንገት ቀና አለ።

ደወልኩ። «ነቁጧ ባዶ ናት በይልኝ» አልኩ፣
«እሷ ይገባታል።»
ነርሷ ዝም። ከሩቅ እርሳስ ወረቀት ሲቧጥጥ ሰማሁ።
ከዚያ አነበበችልኝ፦
«አንተስ? በልተሃል?»

ምድጃው ላይ ድንች ጣድኩ።